ቻሪዛርድ ለምን ይሸነፍ ነበር?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከአውሮፓ ለዕረፍት በሚመጡ ቤተሰቦች ይሞላል። ከሻንጣው ውስጥ ከልብሱ፣ ከጫማውና ከቸኮሌቱ ጋር የፖኬሞን ካርድ የተደረደረበት አልበም ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። 60 ካርድ ከ100 ግራም ብዙም ስለማይበልጥ በኪሎ ለሚለካ ሻንጣ ሸክም አይሆንም። ከውጭ የመጣው ልጅ ገርጂ፣ ሰሚት ወይም አያት ለሚኖረው የአክስቱ ልጅ ጥቂት ያካፍለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ጥያቄው ይከተላል፦ ከእነዚህ ውስጥ ኃይለኛው የትኛው ነው?

ብዙውን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ወደሚያብረቀርቀው ወይም ትልቅ ቁጥር ወደተጻፈበት ካርድ ነው። ጨዋታውን በቅጡ ያወቀ ሰው ግን ቁጥሩን ከማየቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል። ይህ ካርድ ሥራ እስኪጀምር ስንት ተራ ይፈጃል? ለቀሩት 59 ካርዶች ምን ይጠቅማቸዋል? ሲወድቅስ ለተጋጣሚ ምን አስረክቦ ይወድቃል? ጨዋታውን ገና የጀመረ ልጅም ሆነ አጠገቡ ተቀምጦ ነገሩ ግራ የገባው ወላጅ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከያዘ፣ አይቶት የማያውቀውን ካርድ እንኳ መመዘን ይችላል።

ጨዋታው እንዴት ይሄዳል?

የፖኬሞን የካርድ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1996 ጃፓን ውስጥ ነው። በጥር 1999 ደግሞ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ በእንግሊዝኛ አሳትሞ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ጀመረ። ተጫዋቾቹ ሁለት ናቸው። እያንዳንዳቸው 60 ካርድ ያለው ዴክ ይዘው ይቀርባሉ። ለጥቃት ከሚያስፈልገው ከመሠረታዊ ኢነርጂ ካርድ በቀር አንድ ስም ያለው ካርድ ከ4 በላይ ማስገባት አይፈቀድም።

ዴኩ ይበወዝና ሁለቱም 7 ካርድ ይስባሉ። ከ7ቱ አንዱ እንኳ መሠረታዊ ፖኬሞን፣ ማለትም በሌላ ፖኬሞን ላይ መደረብ ሳያስፈልገው በቀጥታ የሚወጣ፣ ካልሆነ ካርዱ ተመልሶ ይበወዛል። አንድ ፖኬሞን ፊት ለፊት ወጥቶ ይቆማል፤ እስከ 5 የሚደርሱት ደግሞ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከዴኩ ላይ 6 ካርድ ተነሥቶ በግንባሩ ተደፍቶ ይቀመጣል፤ የሽልማት ካርድ የሚባለው ይህ ነው። የተጋጣሚን ፖኬሞን የጣለ ሰው ከራሱ የሽልማት ክምር አንድ ያነሣል። 6ቱን ቀድሞ አንሥቶ የጨረሰ አሸነፈ። ሜዳ ላይ አንድም ፖኬሞን ያልቀረው ተሸነፈ። ተራው ደርሶ የሚስበው ካርድ ያጣም ተሸነፈ።

በእያንዳንዱ ተራ አንድ ካርድ ይሳባል፣ አንድ ኢነርጂ ካርድ ብቻ ፖኬሞን ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ጥቃት ይሰነዘራል፤ ጥቃቱ ተራውን ይዘጋዋል። የጨዋታው ስልት ሁሉ የሚበቅለው ከዚህች አንዲት የኢነርጂ ገደብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጊዜ የሚቆጠረው በእሷ ነውና።

የ1999ኙ ቻሪዛርድ

በመጀመሪያው ዕትም ውስጥ ልጆች ሁሉ የሚመኙት ካርድ እሳት የሚተፋው ቻሪዛርድ ነበር። የሕይወት ነጥቡ 120፣ የጥቃቱ ጉዳት 100 ነው። በዚያ ዕትም ከዚህ የሚበልጥ የሕይወት ነጥብ የያዘ ፖኬሞን የለም። አሁን ይህ ካርድ ሜዳ ላይ ምን እንደሚገጥመው ተራ በተራ እንከተለው።

በ1ኛው ተራ ትንሹ ቻርማንደር ይወጣና አንድ የእሳት ኢነርጂ ይለጠፍበታል። በ2ኛው ተራ ቻርሚሊየን ይደረብበታል፤ ሁለተኛ ኢነርጂም ይጨመራል። በ3ኛው ተራ ቻሪዛርድ ይደረባል፤ ኢነርጂው ሦስት ይሆናል። ጥቃቱ ግን አራት ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ አካሄድ መጀመሪያ የሚተኩሰው በ4ኛው ተራ ነው፣ ያውም የሚያስፈልጉት ካርዶች ሁሉ በቅደም ተከተል እጅ ከገቡ። ከተኮሰ በኋላ ሁለት ኢነርጂ ይጥላል። በየተራው አንድ አንድ እየጨመረ እንደገና አራት እስኪሞላ ሁለተኛው ተኩስ 6ኛው ተራ ላይ ይደርሳል። ደረጃ የሚያስዘልል ፖኬሞን ብሪደር የሚባል ካርድ ነበር፤ እሱ ግን ቻርሚሊየንን ከመፈለግ ያድን እንደሆነ እንጂ የኢነርጂውን ወረፋ አያሳጥርም።

በዚህ መሀል ተጋጣሚው ቦክሰኛውን ሂትሞንቻንን አውጥቷል። ሂትሞንቻን 70 የሕይወት ነጥብ ያለው መሠረታዊ ፖኬሞን ነው፤ የሚደረብበት ነገር አይፈልግም። በአንድ ኢነርጂ ብቻ የ20 ጉዳት ቡጢ ይሰነዝራል፤ ይኸውም ከመጀመሪያው ተራ ጀምሮ ማለት ነው። ቻርማንደር ያለው ነጥብ 50 ነው። ሁለት ቡጢ ከቀመሰ በኋላ ቻሪዛርድ ቢሆን እንኳ ቁስሉ አብሮት ያድጋል፤ 120ው ወደ 80 ወርዶ ይጀምራል። እርግጥ ነው፣ ቻሪዛርድ አንዴ ከቆመ ቡጢን የሚቀንስ መከላከያ አለው፤ የሂትሞንቻን 20 አይነካውም። ያኔ ተጋጣሚው ኤሌክትራባዝን ያስገባል። በሁለት ኢነርጂ 30 ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ፖኬሞን እሱም መሠረታዊ ነው።

ነገሩን የሚጨርሰው ደግሞ ምንም ቁጥር ያልተጻፈበት ካርድ ነው። ኢነርጂ ሪሙቫል የተባለው ካርድ ከተጋጣሚ ፖኬሞን ላይ አንድ ኢነርጂ ያስጥላል፤ በነፃ። ሂትሞንቻን አንድ ኢነርጂ ቢነጠቅ በሚቀጥለው ተራ ተክቶ መምታቱን ይቀጥላል። ቻሪዛርድ ግን አንድ በተነጠቀ ቁጥር ሙሉ ተራ ወደ ኋላ ይጎተታል። በየተራው የሚለጠፈው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ነጣቂ ካርድ በየተራው ከመጣበት ጭራሽ አራት አይሞላም። ሂትሞንቻንን፣ ኤሌክትራባዝንና በኋላ የተጨመረውን ሳይተርን የያዘው ሄይሜከር የተባለው የዴክ ዓይነት በዚያ ዘመን የውድድር ጠረጴዛዎችን የገዛው በዚህ ምክንያት ነው። ቻሪዛርድ የአልበም ንጉሥ ሆኖ ቀረ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። የሚደርሰውን ጉዳት ብቻውን ማየት አይበቃም፤ ጉዳቱ በስንተኛው ተራ ይደርሳል ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። በ1ኛው ተራ የጀመረ 20፣ በ4ኛው ተራ ሊመጣ ቃል ከገባ 100 ቀድሞ ጨዋታውን ይቀርጸዋል።

እጅ ውስጥ ያልገባ ካርድ

ኮንከር የተባለውን የካርታ ጨዋታ የሚጫወት ሰው ይህን ቀጣይ ክፍል ሳይነገረው ያውቀዋል፦ የሚጠብቀው ካርድ ክምሩ ውስጥ ቢኖርም እስካልሳበው ድረስ ለእሱ እንደሌለ ነው። በፖኬሞንም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ስንት ቅጂ እንደሚገባ የሚወስነው ተጫዋቹ ራሱ መሆኑ ነው። ሒሳቡን መሥራት ይቻላል። ከ60 ካርድ ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ካርድ ከመጀመሪያዎቹ 7 ካርዶች ጋር የመምጣት ዕድሉ 12 በመቶ ገደማ ነው። 4 ቅጂ ሲገባ ቢያንስ አንዱ የመምጣት ዕድል ወደ 40 በመቶ ይወጣል። አንዷ ቅጂ በተደፉት 6 የሽልማት ካርዶች ውስጥ ተቀብራ የመገኘቷ ዕድል ደግሞ 10 በመቶ ነው። ከአሥር ጨዋታ በአንዱ፣ ያ የሚያብረቀርቅ ብቸኛ ካርድ ከጅምሩ ታስሮ ይቀመጣል ማለት ነው።

የመሠረታዊ ፖኬሞን ቁጥርም በዚሁ መንገድ ይሰላል። ዴኩ ውስጥ 8 መሠረታዊ ፖኬሞን ብቻ ካሉ፣ የመጀመሪያው 7 ካርድ ያለ አንዳቸውም የመምጣቱ ዕድል 35 በመቶ ይሆናል። 12 ሲሆኑ ወደ 19 በመቶ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ዳግም ብወዛ ተጋጣሚው አንድ ተጨማሪ ካርድ መሳብ ስለሚፈቀድለት፣ ይህ ልዩነት ጨዋታው ሳይጀመር ዋጋ ያስከፍላል።

እንግዲህ ከሁሉ የሚፈሩት ካርዶች ካርድ የሚያስስቡት ቢሆኑ አይደንቅም። የመጀመሪያው ዕትም ፕሮፌሰር ኦክ እጅ ላይ ያለውን ሁሉ አስጥሎ 7 አዲስ ካርድ ያስስባል። ቢል የሚባለው 2 ያስስባል። ኮምፒውተር ሰርች ሁለት ካርድ አስጥሎ ከዴኩ ውስጥ የተፈለገውን አንድ ካርድ መርጦ ያስወጣል። በዚያን ጊዜ ሕግ እነዚህን በአንድ ተራ የፈለጉትን ያህል መጫወት ይቻል ነበር። በኋላ ሕጉ ተለወጠ፤ ዛሬ የፕሮፌሰር ኦክን ሥራ የሚሠራው ፕሮፌሰርስ ሪሰርች በአንድ ተራ አንድ ብቻ ከሚፈቀደው የደጋፊ ካርዶች ወገን ነው። መጀመሪያ የሚጫወተው ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ተራው ደጋፊ ካርድ መጠቀምም ሆነ ማጥቃት አይችልም።

የጨዋታው ባለቤቶች የትኛውን ካርድ እንደሚፈሩ ከዕገዳዎቻቸው ማወቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ላይሳንድረስ ትራምፕ ካርድ የተባለው ካርድ ከውድድር ታገደ። ይህ ካርድ ማንንም አይመታም። የሁለቱንም ተጫዋቾች የተጣሉ ካርዶች ወደ ዴኩ መልሶ ያስበውዛል እንጂ። ነገር ግን ካርድ እንደ ውኃ የሚስቡ ዴኮች ያለ አንዳች ስጋት ስበው እንዲጨርሱና ተመልሰው እንዲሞሉ አደረጋቸው፤ ዴክ ማለቅ የሚባለው የመሸነፊያ መንገድ ተዘጋ። ዩጊዮ በተባለው ሌላው የጃፓን የካርድ ጨዋታም ፖት ኦፍ ግሪድ የተባለው የታገደ ካርድ ሥራው ሁለት ካርድ ማስሳብ ብቻ ነው፤ በምላሹ ምንም አይጠይቅም። ዋጋ ሳያስከፍል እጅን የሚሞላ ካርድ በየትኛውም ጨዋታ አደገኛ ነው።

ከ24 ዓመት በኋላ

ቻሪዛርድ እ.ኤ.አ. በ2023 ኦብሲዲያን ፍሌምስ በተባለው ዕትም ቻሪዛርድ ኢኤክስ ሆኖ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን የውድድር ጠረጴዛውንም ያዘ። 330 የሕይወት ነጥብ አለው። ዋናው ለውጥ ግን ያ ቁጥር አይደለም። ከእጅ ወጥቶ ሲደረብ ከዴኩ ውስጥ እስከ 3 የእሳት ኢነርጂ ፈልጎ ያመጣና በፖኬሞኖቹ ላይ ያስለጥፋል። ለጥቃቱ የሚያስፈልገው 2 ብቻ ነው። ሬር ካንዲ የተባለው ካርድ መካከለኛውን ደረጃ ያስዘልለዋል። እንግዲህ ቻርማንደር በ1ኛው ተራ ከወጣ፣ በ2ኛው ተራ ቻሪዛርድ ቆሞ፣ ኢነርጂውን ራሱ አምጥቶ፣ ቢያንስ 180 ጉዳት ያደርሳል። የ1999ኙ እስከ 4ኛው ተራ የሚያስጠብቀውን ይህኛው በ2ኛው ተራ ጨረሰው። በዚያ ላይ ተጋጣሚ ላነሣው እያንዳንዱ የሽልማት ካርድ ጉዳቱ በ30 ይጨምራል፤ 4 ካነሣ 300 ይሆናል።

ከጎኑ የተቀመጠው ፒጆት ኢኤክስ ደግሞ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ፒጆት ወንበር ላይ ተቀምጦ በየተራው ከዴኩ ውስጥ የተፈለገውን አንድ ካርድ ያስወጣል። 12 በመቶና 40 በመቶ እያልን ያሰላነው ዕድል በአንድ ጊዜ መቶ ይሆናል፤ የጎደለችው ካርድ የሽልማት ክምር ውስጥ ካልተቀበረች በቀር በየተራው ትገኛለች። ጀማሪ ቻሪዛርድን ያያል፤ የነቃ ተጋጣሚ ግን መጀመሪያ ፒጆትን ከወንበሩ ጎትቶ ለመጣል ይሞክራል።

የሽልማት ልውውጥ

ሦስተኛው ጥያቄ የመደመርና የመቀነስ ጉዳይ ነው። ኢኤክስ የሚል ምልክት ያለው ፖኬሞን ሲወድቅ ተጋጣሚው የሚያነሣው አንድ ሳይሆን 2 የሽልማት ካርድ ነው። ቪማክስ የሚባሉት ደግሞ 3 ያስረክባሉ። ሦስት ኢኤክስ የወደቀበት ተጫዋች 6 ካርድ አስረክቧልና ጨዋታው አበቃ።

ይህን የሚያውቅ ሰው አንድ ሽልማት ብቻ የሚያስረክቡ ትናንሽ ፖኬሞኖችን አሰልፎ ትልልቆቹን ሊገጥም ይችላል። እሱ ማሸነፍ የሚፈልገው 3 ኢኤክስ ጥሎ ነው፤ ተጋጣሚው ግን 6 ትናንሾችን መጣል አለበት። የእሱ አንድ ትንሽ ከተጋጣሚ አንድ ትልቅ ጋር በተለዋወጠ ቁጥር ሒሳቡ ወደ እሱ ያዘነብላል። ድክመትም እዚህ ላይ ይገባል፦ የተጋጣሚውን ድክመት የሚነካ ጥቃት ጉዳቱ በሁለት ይባዛል፤ 120 የሚመታ ትንሽ ፖኬሞን በድንገት 240 ይሆናል። ለዚህ ነው ጥሩ ተጫዋች እየተጫወተ ሳለ "አሁን ስንት ጣልኩ?" ከማለት ይልቅ "ስንት አስረክቤ ስንት ተቀበልኩ?" የሚለው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ሆኖሉሉ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በካርድ ጨዋታው የአዋቂዎች ምድብ ያሸነፈው የቺሊው ፈርናንዶ ሲፉዌንቴስ ነው። ይዞት የቀረበው አይረን ቶርንስ ኢኤክስን ማዕከል ያደረገ ዴክ ነበር። ካርዱ መሠረታዊ ነው፤ 230 የሕይወት ነጥብ አለው፤ 140 ይመታል። ከቻሪዛርድ 330 ጋር ሲነጻጸር ብዙም አያስደነግጥም። ጉልበቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ እስካለ ድረስ፣ ፊውቸር ከተባለው የራሱ ወገን በቀር፣ እንደ ኢኤክስ ያለ ልዩ ሕግ የታተመባቸው ፖኬሞኖች ሁሉ ችሎታ ይጠፋል። ቻሪዛርድ ሲደረብ ኢነርጂ አያመጣም፤ ፒጆትም ካርድ አይፈልግም። ሌላው ሰው ዴኩን የሠራበት ምሰሶ ሳይመታ ይወድቃል። እሱ ግን መሠረታዊ ስለሆነ ከ1ኛው ተራ ጀምሮ ቆሟል።

ሦስቱም ጥያቄዎች በዚህ አንድ ካርድ ላይ ይገናኛሉ። ወዲያው ይደርሳል። ተጋጣሚውን አስሮ ስለሚያቆይ የቀረው ዴክ በሰላም ሥራውን ይሠራል። ሲወድቅ 2 ያስረክባል፤ ነገር ግን ተጋጣሚው ችሎታው ታስሮ ያንን ለማግኘት ብዙ ተራ ይከፍላል።

በእጅ ባለው መጀመር

ዋጋና ጉልበት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ፒካቹ ኢለስትሬተር የተባለው ካርድ ነው። አሜሪካዊው ሎጋን ፖል እ.ኤ.አ. በ2021 ዱባይ ላይ የገዛው ይህ ካርድ 5,275,000 ዶላር እንደወጣበት ጊነስ መዝግቦታል። ካርዱ ጃፓን ውስጥ በሥዕል ውድድር ላሸነፉ የተሰጠ ምስክር ወረቀት ነው፤ ጨዋታ ውስጥ አይገባም። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለብርቅነቱ ነው፤ ብርቅነት ደግሞ ሜዳ ላይ አንድም ነጥብ አይጨምርም። በተቃራኒው ብዙዎቹ ካርድ አስሳቢና ካርድ ፈላጊ ካርዶች በየጥቅሉ የሚገኙ፣ ልጆች "ሥዕሉ አያምርም" ብለው ለወዳጅ የሚሰጧቸው ናቸው። አልበም ይዞ የመጣ ዘመድ ሲገኝ መጠየቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ዴክ ሲሠራ መነሻ የሚሆን መጠን አለ። ከ60ው ውስጥ ከ15 እስከ 20 ፖኬሞን፣ 30 ያህል ረዳት ካርዶች (ካርድ የሚያስስቡትና የሚፈልጉት ዓይነት)፣ የቀረው ኢነርጂ ይሁን። ረዳት ካርዶቹ ከግማሽ ዴክ ጋር መስተካከላቸው ጀማሪን ያስገርመዋል፤ ነገር ግን ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው። ዋናው አጥቂ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ይሁን፤ ሙሉ ቅጂው ይግባ። አሥር የተለያዩ ኃያላንን አንድ አንድ ቅጂ መሰብሰብ፣ ሒሳቡ እንዳሳየን፣ የትኛውንም በጊዜው አለማግኘት ነው።

ካርዱ ከሌለስ? በእንግሊዝኛ የታተመ አንድ ጥቅል ካርድ እዚህ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ሲገኝም ለብዙ ቤተሰብ ዋጋው ከባድ ነው። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። የዓለም ሻምፒዮኖች የዴክ ዝርዝር በግልጽ ይወጣል፤ የእያንዳንዱ ካርድ ጽሑፍም እንዲሁ። ስሙን፣ የሕይወት ነጥቡን፣ ጥቃቱንና ችሎታውን በካርቶን ወይም በወፍራም ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፈው፣ እኩል ቆርጠው፣ በፕላስቲክ ሽፋን ከከተቱት ይጫወቱበታል። በይፋዊ ውድድር አይፈቀድም፤ ቤት ውስጥ ለመማር ግን ከእውነተኛው አንሶ የሚያስተምረው ነገር የለም። በወርቅማ ፕላስቲክ ታትመው በጅምላ የሚሸጡትን ከመግዛት ይህ ይሻላል፤ እነዚያ የጨዋታው ባለቤቶች ያላተሟቸው ናቸው፤ የሚጻፉባቸው ቁጥሮችም ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ካርድ አይገጥሙም።

ሁለት ልጆች ሁለት ዴክ በእጃቸው ጽፈው ቢያዘጋጁ፣ አንዱ የ1999ኙን ቻሪዛርድ፣ ሌላው ሂትሞንቻንና ኤሌክትራባዝን ቢይዝ፣ አሥር ጊዜ ያህል ተጋጥመው ውጤቱን ቢመዘግቡ፣ ከዚያም ዴካቸውን ተቀያይረው አሥር ጊዜ ቢደግሙት፣ እዚህ የተጻፈውን ሁሉ በራሳቸው እጅ ይደርሱበታል። ወላጅም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የተሸነፈውን ልጅ "የትኛውን ካርድ ብትስብ ኖሮ ታሸንፍ ነበር? ስንት ቅጂ አስገባህ?" ብሎ ቢጠይቀው ትልቅ ነገር አስተማረው። ልጁ ዕድልን ከመርገም ወጥቶ ወደ ማስላት ይገባል፤ በሚቀጥለው ጨዋታም ዴኩን አስተካክሎ ይመጣል።